የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖችና የደጋው ስስ አየር

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ወጣት መኮንን የቆዳ ቆቡን አጥልቆ፣ ፓራሹቱን ከወገቡ በታች አንጠልጥሎ፣ በአንድ ግዙፍ ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ይወጣና ወደ አብራሪው መቀመጫ ይገባል። ከዚያ በኋላ ካሜራው በአመዛኙ የሚያሳየን እጆቹን ነው። ተራኪው ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ይህን ማንሻ ግፋ፣ ያንን መርፌ ተመልከት፣ አሁን ጠብቅ እያለ ይቀጥላል። አውሮፕላኑ ፒ-47 ተንደርቦልት ይባላል፤ ዘመኑም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፊልሙ የተሠራው ለአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ምልምል አብራሪዎች ሲሆን የዚያን ዕለት ተመልካቾቹ ግን መካነ ሰላም ውስጥ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ የመማሪያ ክፍል የተቀመጡ የፊዚክስ ተማሪዎች ነበሩ።

ተንደርቦልቱ በረጅሙ ተንደርድሮ ከመሬት ሲነሣ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይህ አውሮፕላን ከእኛ ከተማ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ይነሣ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። መልሱን በአንድ ቃል መስጠት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለምን እንደማይታለፍ ለማስረዳት አስቀድሞ ስለ ሜዳው መናገር ይኖርብኛል።

ሜዳውና አያቴ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በሰሜን በኩል በሽሎ፣ በምዕራብ ደግሞ ዓባይ ምድሩን ጠልቀው ስለ ቆረጡት በጥንት ጊዜ ከዚህ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር መሄድ ማለት ወርዶ መውጣት ማለት ነበር። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ እንኳ ለብዙ ዘመን ክረምት ሲገባ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህም ከተማዋ የሣር ሜዳ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቶላት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ መዳረሻዎች አንዷ ሆና ነበር። ዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያዎች መለያ የሆኑት ሦስት ፊደላትም ተሰጥተዋታል፤ ኤም፣ ኬ፣ ኤስ።

አጎቴ ስለ ዳኮታ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ዳኮታ እያለ የሚጠራው ዳግላስ ዲሲ-3 የተባለውን ሲሆን፣ ወታደራዊ ስሙ ሲ-47 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲያደርግ የተጠቀመው ከጦርነቱ የተረፉ እነዚህኑ ሲ-47ዎች ነበር። እኔ በልጅነቴ የደረስኩት ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ በጀመረችው በትንሿ ትዊን ኦተር ዘመን ነው። አውሮፕላኗ መጀመሪያ ሜዳውን ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ ያን ጊዜ እኛ ልጆቹ ከብቱንና በጉን ከሜዳው እናባርራለን፤ ከዚያ ተመልሳ ታርፋለች። ዛሬ ሳስበው የመጀመሪያ የአየር ትራፊክ ሥራዬ በግ ማባረር ነበር።

እኔ ወደ ሜዳው ስሮጥ አያቴ ወደ ቤት ትሮጣለች። የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ምንጊዜም እንዲሁ ነበረች፤ የጀመረችውን ሥራ ጥላ ገብታ በሩን ትዘጋለች። የደሴ ልጅ ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ገና ልጅ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን በዚያ አድርገው ነበርና በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ አጠገብ ሆነው የሚታዩበት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመትቷል። አያቴ ስለ ፎቶግራፉም ሆነ ስለ ጋዜጣው የምታውቀው ነገር አልነበረም። የምታውቀው ድምፁን ብቻ ነው። «ልጄ፣ እሱ እኮ የሚመጣው ሊያይ አይደለም» ትለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው አንድ የማላመልጠው ነገር ስላለ ነው። እኔ የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖችን እወዳለሁ። የሞተራቸውን ድምፅ ከሩቅ ለይቼ አውቃለሁ፤ የሥልጠና ፊልሞቻቸውን ለዓመታት ስሰበስብ ኖሬያለሁ። የተሠሩት ግን ሰው ለመግደል መሆኑን አያቴ በሩን በዘጋች ቁጥር ነግራኛለች። ሁለቱን ስሜቶች ማስታረቅ አልቻልኩም፤ ለማስታረቅም አልሞክርም። በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ፊዚክስ ለእኛ ለደገኞች ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገን ነው።

አንድ ሜትር ኩብ አየር

አየር ይመዝናል። በባሕር ጠለል፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት መደበኛ ሁኔታ፣ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። ይህም የአየር እፍጋት ይባላል። ወደ ላይ በወጣን መጠን ከበላያችን የሚጫነን አየር እያነሰ ስለሚሄድ ግፊቱም እፍጋቱም ይቀንሳል። በ2,600 ሜትር ከፍታ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 73 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። መካነ ሰላም ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የባቄላ ንፍሮ ከቆላ ይልቅ በደጋ እሳት የሚያስፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን አንድ የበጋ ቀን ቀትርን እናስብ፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ደርሷል። ሙቀት አየርን ያሰፋዋልና እፍጋቱ ይብሱን ይቀንሳል። ስሌቱን ስንሠራው አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.876 ኪሎ ግራም ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም ከመደበኛው 71.5 በመቶ ማለት ነው። አውሮፕላን ከፍታን የሚያውቀው በካርታ ሳይሆን በእፍጋት ነው። በካርታው 2,600 ሜትር የሆነው ሜዳ በዚያ ቀትር ለአውሮፕላኑ 3,360 ሜትር ያህል ነው። አብራሪዎች ይህን የእፍጋት ከፍታ ይሉታል። ማለዳ ላይ ዝቅ ይላል፤ ቀትር ላይ ከፍ ይላል። ስለዚህም አንድ ሜዳ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሜዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የክንፍ የማንሳት ኃይል ከአየሩ እፍጋትና ከፍጥነቱ ካሬ ብዜት ጋር ይመጣጠናል። እፍጋቱ ወደ 0.715 ከወረደ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፍጥነቱ 1.18 ጊዜ መጨመር አለበት። በባሕር ጠለል በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሣ አውሮፕላን መካነ ሰላም ላይ የሚነሣው በ189 ነው። ሲያርፍም እንዲሁ ነውና ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበት በ40 በመቶ ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ የሚለካው ፍጥነትን ሳይሆን ከፊት የሚመጣውን የአየር ግፊት ነው። ያ ግፊትም ከእፍጋትና ከፍጥነት ካሬ ጋር ይመጣጠናልና አየሩ ሲሳሳ መለኪያውም አብሮ ያንሳል። እውነተኛው ፍጥነት 189 ሲሆን መርፌው የሚያሳየው 160 ነው። ይህ ስህተት ሳይሆን መልካም ነገር ነው፤ ክንፉ የሚሰማው ያንኑ 160 ስለሆነ አብራሪው በየትኛውም ከፍታ አንድ ቁጥር ብቻ ቢያስታውስ ይበቃዋል። ችግሩ ዓይን ላይ ነው። በቆላ የሠለጠነ አብራሪ መሬቱ ከሥሩ ሲከንፍ ሲያይ ፍጥነቱ የበቃው ይመስለውና መሪውን ቶሎ ይስባል። ክንፉ ከልክ በላይ ሽቅብ ሲዞር አየሩ ከገጹ ይላቀቃል፤ የማንሳት ኃይሉም በድንገት ይጠፋል። ይህ ስቶል የሚባለው ነው። ከመሬት በአሥር ሜትር ከፍታ ላይ ስቶል የገባ አብራሪ ስህተቱን ለማረም ጊዜ አያገኝም።

የቅዱስ ጴጥሮስ መዝገብ

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ የአብራሪ ሥልጠናን እንደ ፋብሪካ ሥራ ማካሄድ ግድ ሆነባት። ከትራክተርና ከመኪና ሌላ ነዳቶ የማያውቅን ወጣት በጥቂት ወራት ውስጥ ለ2,000 የፈረስ ጉልበት ሞተር ማብቃት ቀላል አልነበረም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1942 የሆሊውድ ባለሙያዎችን ያሰባሰበ የፊልም ክፍል በካሊፎርኒያ፣ ከልቨር ሲቲ ውስጥ ተቋቋመ። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮናልድ ሬገን በዚያ ካገለገሉት አንዱ ሲሆኑ፣ አብራሪዎች የጃፓኑን ዜሮ ከራሳቸው አውሮፕላን እንዲለዩ በሚያስተምረው የ1943 ፊልም ላይ ተውነዋል።

ከሁሉ የምወደው በዚያው ዓመት የወጣውን «ተማርና ኑር» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን ፊልም ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በአብራሪዎች ገነት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ወደ እርሱ የሚመጡት አብራሪዎች በጠላት ጥይት ሳይሆን በገዛ ስህተታቸው የሞቱ መሆናቸው አሳስቦት የእያንዳንዱን ጥፋት ይመረምራል። ለእኛ እንግዳ የማይሆን አቀራረብ ነው፤ በገድልና በተአምር ያደገ አድማጭ ወዲያው ይገባዋል። ቀልድ ቢመስልም ከጀርባው ያለው ቁጥር አያስቅም። በጦርነቱ ዓመታት በአሜሪካ ምድር ብቻ፣ ጠላት ባልነበረበት፣ ወደ 15,000 የሚጠጉ የአየር ኃይል ሰዎች በአውሮፕላን አደጋ ሞተዋል። ቢ-26 የተባለው ቦምብ ጣይ ክንፉ ለክብደቱ ትንሽ ስለነበረ በከፍተኛ ፍጥነት ካልሆነ አያርፍም ነበር፤ በርካታ አብራሪዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ በታምፓ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ሲሠለጥኑ ሞቱ። በኋላ ክንፉ እንዲረዝም ተደረገ፤ ሥልጠናው ተሻሻለ፤ ፊልምም ተሠራ። ታምፓ በባሕር ጠለል ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል።

እነዚህ ፊልሞች መሪ ላይ የተቀመጠን ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እንጂ ለምን እንደሚያደርግ ብዙ አያስረዱም። እንደ መምህር የምወቅሳቸው በዚህ ነው። ከዚያም በላይ የሚጠሩት የመንደርደሪያ ርዝመትና የመነሻ ጊዜ በአብዛኛው የባሕር ጠለልን መደበኛ አየር መሠረት ያደረገ ነው። የመካነ ሰላም ተማሪ ቁጥሩን እንዳለ ከተቀበለው ተሳስቷል። ለእኔ ግን ይህ ጉድለት ሲሳይ ሆኖልኛል፤ ፊልሙን አቆምና «እዚህ ቢሆንስ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

የተንደርቦልት መልስ

አንድ አውሮፕላን ለመነሣት የሚሮጠው ርቀት የመነሻ ፍጥነቱ ካሬ ለፍጥነት ጭማሪው እጥፍ ሲካፈል ነው። የፍጥነት ጭማሪው የሚመጣው ከፕሮፔለሩ የመግፋት ኃይል ሲሆን፣ ያም በግምት የሞተሩ አቅም ለፍጥነት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ሁለቱን ስናጣምር ርቀቱ ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር በቀጥታ፣ ከሞተሩ አቅም ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይመጣጠናል። ሻካራ ስሌት ነው፤ የአየርና የጎማ ሰበቃን አይቆጥርም። ይሁንና እውነቱን አይስትም።

ፍጥነቱ 1.18 ጊዜ ሲያድግ ሦስተኛ ርቢው 1.65 ይሆናል። የሞተሩ አቅም ባይቀንስ ኖሮ ሩጫው በዚሁ ልክ ብቻ ይረዝም ነበር። ነገር ግን ተራ ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅን ስለሚያንስ የሚያቃጥለው ነዳጅም ያንሳል። በዚያ ቀትር የሚቀረው አቅም 68 በመቶ ያህል ነው። 1.65ን ለ0.68 ብናካፍል 2.4 ገደማ እናገኛለን። በባሕር ጠለል 700 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን መካነ ሰላም ላይ ወደ 1,700 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ሣሩንና ጭቃውን ሳንቆጥር።

ተንደርቦልት ግን ተራ ሞተር አልነበረውም። ያ ግዙፍ ሆዱ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ከአብራሪው ኋላ ተርቦቻርጀር ተቀምጦበታል። ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ በረጅም ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ ስሱን አየር ጨምቆ በሌላ ቱቦ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ከአቀስታ ወዲያ ያለውን ዳገት በጭነት መኪና የወጣ ሁሉ «ተርቦ ያለው» እና «ተርቦ የሌለው» የሚለውን ልዩነት ከሹፌሮች አፍ ሰምቷል። ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ተንደርቦልት 2,000 የፈረስ ጉልበቱን እንደያዘ ይቆያልና የሚረዝምበት ሩጫ በ1.65 ብቻ ነው፤ 700 ሜትሩ ወደ 1,160 ይሆናል።

ለዚያች ተማሪ የሰጠኋት መልስ እንግዲህ «እንደ ሜዳው ርዝመት» የሚል ነበር። አልረካችም። ልክ ነበረች፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በስስ አየር የጀመረ ታሪክ

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥቶ የስስ አየር ታሪክ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ከጅቡቲ አምጥቶ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ሲያሳርፍ፣ ያረፈበት ቦታ ከፍታ ለመካነ ሰላም የሚቀራረብ ነበር። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በዚያ ከፍታ ላይ ማረፍ ለአንድ ማለዳ ቀላል ፈተና አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአገራችን የመጀመሪያ አብራሪዎች ሆነው ተመረቁ።

ሁሉም ግን አልቀናውም። ከዘውድ በዓሉ በፊት በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁልየን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ ተነሣና ሰባበራት። ሰዎች ስለ ጁልየን ጉረኝነት ብዙ ጽፈዋል። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የምቆጥረው የፈረስ ጉልበቱን ነው። 100 ገደማ የነበረው የዚያች አውሮፕላን ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው 70 ያህል ብቻ ነው። የአደጋው ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ስህተትን ይቅር የሚል ትርፍ ኃይል አልነበራትም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ጆን ሮቢንሰን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። የቱስኪጊ ምሩቅ መካኒክ ሲሆን፣ በዘሩ ምክንያት ቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በሩን ስለዘጋበት እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ትምህርቱን ያዳምጥ እንደነበር ይነገራል። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አነስተኛውን አየር ኃይል መራ። በእጁ የነበሩት ጥቂት፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ አውሮፕላኖች ሲሆኑ ኢጣሊያ ያሰለፈችው በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበር። ሥራው ውጊያ ሳይሆን መልእክትና መድኃኒት ማመላለስ፣ የጠላትንም እንቅስቃሴ መቃኘት ነበር። ከሚያሳድዱት ተዋጊዎች ለማምለጥ ያለው ዘዴ በየሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብሎ መብረር ነው፤ አሁንም የአገሩን አየርና ገደል ማወቅ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ።

በዚያው በወረራው ወቅት አቃቂ ላይ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ተሠርታ ነበር። ጀርመናዊው የንጉሠ ነገሥቱ መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የገጣጠማት ይህች አውሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች፤ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ሞተሯ ዋልተር ቬኑስ የተባለ ባለ ሰባት ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነውና በሞቃት ቀን የሚቀራት 84 ያህል ነው፤ መካነ ሰላም ላይ ቢሆን 78። ወራሪው ማርኮ ወደ ኢጣሊያ ወሰዳት፤ በሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በይፋ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ዜናውን የሰማሁ ዕለት አያቴ በሕይወት ብትኖር ብዬ ተመኘሁ፤ ሊያይ የማይመጣ ሳይሆን ሊታይ የሚመጣ አውሮፕላን እንዳለ እነግራት ነበር።

ከስቶክሆልም ወደ አዲስ አበባ፣ ግን አንድ መንገድ ብቻ

ለዶክትሬት ትምህርት ስዊድን ሳለሁ አንድ እሑድ በሊንሾፒንግ አቅራቢያ ወዳለው የስዊድን አየር ኃይል ሙዚየም ሄድኩ። በዚያ ሳብ 17 አየሁ። በጦርነቱ ዘመን ስዊድናውያን ለራሳቸው መከላከያ የሠሩት፣ ከላይ ወደ ታች ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ነው፤ ሲወረወር ፍጥነቱን የሚገታው በእግሮቹ ሰፋፊ ሽፋኖች ነበር። አንድ ሽማግሌ አስጎብኚ አገሬን ጠይቀው ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ከጦርነቱ በኋላ ከእነዚህ ከ40 በላይ የሚሆኑት ወደ ቢሾፍቱ እንደሄዱ አጫወቱኝ። አፈርኩ። የገዛ አገሬን አየር ኃይል ታሪክ በባዕድ አገር ሙዚየም ነበር የተማርኩት።

ሞተሩን ጠጋ ብዬ ስመለከት ደግሞ ሌላ ነገር ገረመኝ። በስዊድን የተሠራ ይሁን እንጂ ንድፉ የአሜሪካኑ ባለ 14 ሲሊንደር ትዊን ዋስፕ ነው፤ ያው የዳኮታ ሞተር። አጎቴ በመካነ ሰላም ሜዳ ላይ የሰማው ድምፅና የቢሾፍቱ ቦምብ ጣዮች ድምፅ የአንድ ቤተሰብ ድምፅ ነበር። ይህ ሞተር አየርን የሚጨምቅ ሱፐርቻርጀር አለው፤ ዳኮታ ደጋውን የቻለው በዚህ ነው።

ሳብ 17ን ያመጡት የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረሩ ሰው ናቸው። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር በተባለች ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥተው ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ፤ 6,220 ኪሎ ሜትር በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ። ተማሪዎቼ አማካይ ፍጥነቱን ወዲያው አወጡት፤ በሰዓት 201 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኔ የጠየቅኋቸው ግን ሌላ ነው። በተቃራኒው መሄድ ይቻላቸው ነበርን?

አይመስለኝም። ሳፊር ያን ሁሉ ነዳጅ ተሸክማ የተነሣችው በባሕር ጠለል ላይ፣ በቀዝቃዛና ወፍራም አየር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የደረሰችው ነዳጇን ጨርሳ፣ ቀላ ነው። ከአዲስ አበባ ያንኑ ጭነት ይዛ ብትንደረደር የሞተሯ አቅም በሢሶ ገደማ ቀንሶ፣ የሚያስፈልጋት ሩጫ ከሁለት እጥፍ በላይ ረዝሞ ይጠብቃት ነበር። ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዘመናዊ ጄቶች ለዓመታት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፉ ሲመጡ፣ ሲሄዱ ግን በደብሊን ወይም በሌላ ከተማ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፉት በአመዛኙ በዚሁ ምክንያት ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ናት።

ፎን ሮዘን በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ባደቀቀበት ዘመን እንደገና መጡ። በትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የእህል ጆንያ አንጠልጥለው መንገድ ለማይደርስባቸው ሰዎች ይጥሉ ጀመር፤ ቦምብ የሚጣልበትን ዘዴ ለምግብ አዋሉት ማለት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ይህንኑ በትልቁ አደረጉት፤ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብለው ያለ ፓራሹት ጆንያ አወረዱ። ስሌቱ የቦምብ ጣዮች የሥልጠና ፊልም ስሌት ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከ15 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ጆንያ መሬት እስኪነካ 1.75 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 97 ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። አብራሪው ምልክቱን ካለፈ በኋላ ቢለቅ እህሉ ገደል ይገባል። ፎን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ተገደሉ።

ሳብ 17ን በእጃቸው የጠገኑ ጡረተኛ ቴክኒሻን ከዓመታት በፊት ቢሾፍቱ ውስጥ አግኝቼ ነበር። ሙቀት ሲበረታ ጭነት ይቀንሱ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደሚቀንሱም በልምድ እንጂ በጽሑፍ እንደማያውቁት ነገሩኝ። አሜሪካኖቹ ሁሉን ነገር በፊልም አስቀርተዋል፤ ፊልሞቹ ዛሬ ማንም በነጻ የሚያያቸው ሆነዋል። የእኛን ደጋ ያወቁት ሰዎች ዕውቀት ግን በየሰው ራስ ውስጥ ነው ያለው። እኒያ ሰው ሲነግሩኝ መቅረጫ አልያዝኩም ነበር፤ ሁለተኛ ስመለስ በሕይወት አልነበሩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ተንደርቦልቱ ለማረፍ ሲቃረብ መብራት ሄደና ፊልሙ ተቋረጠ። ጨርቁን ከመስኮቱ አንሥተን በሰሌዳው ላይ ያለውን ስሌት ቀጠልን። አንዱ ተማሪ ለፀሐይ፣ ሌላው ለሳፊር፣ ሌላው ለዳኮታ እያወጣ ተከራከሩ። ያቺ ተማሪ ግን አሁንም እጇን አወጣች። «መምህር፣ እንደ ሜዳው ርዝመት ካሉ፣ ታዲያ ሜዳው ስንት ነው?»

በልጅነቴ በግ ያባረርኩበትን ሜዳ ርዝመት አላውቀውም ነበር። ከሲቪል ምሕንድስና ክፍል ባለ 50 ሜትር መለኪያ ተውሰን ቅዳሜ ጧት፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ በአንድ ሰዓት ለመገናኘት ተቀጣጠርን።